የጓድ ዘውዴ ቲተር

ባለፈው ሰሞን የጡረታ ደብተሬን ኮፒ ላስደርግ ብዬ ሮቤ ከገበያው ጀርባ ካለች ፎቶ ኮፒ ቤት ገባሁ። ገና የበሩን ደፍ ስረግጥ የማህተም ቀለም ሸተተኝ፤ ያ ጣት ከነካ ሦስት ቀን የማይለቀው ሐምራዊ ቀለም። ለሌላ ሰው ምንም አይደለም። እኔ ግን ዕድሜዬን ሙሉ ማዘጋጃ ቤት ታይፕ ስመታ የኖርኩ ሴት ነኝና ሽታው በሩ ላይ አስቆመኝ። ጎፈሬዬን አበጥሬ፣ የቴትሮን ጉርድ ቀሚሴን ለብሼ፣ ብርድ ያደነዘዘውን ጣቴን በትንፋሼ እያሞቅሁ ታይፑ ፊት የተቀመጥኩ መሰለኝ። "እማማ፣ ቁጭ ይበሉ" አለኝ ባለ ሱቁ። ቁጭ አልኩ። ቆሜ ብቀር ይሻለኝ ነበር።

ፊት ለፊቴ አንድ ትልቅ ባነር ከማተሚያው እየተንከባለለ ይወጣል። ከላዩ "የከተማችን ከንቲባዎች፣ ከጥንት እስከ ዛሬ" ይላል። ከተማችን የተባለችው የእኔው የትውልድ ከተማ ናት፤ ከሮቤ በሚኒባስ የሚደረስባት፣ ገብስና ብርድ የሞላባት ደጋ። ስሟን አልጠራም፤ ለምን እንዳልጠራሁ ኋላ ይገባችኋል። መነጽሬን አደረግሁና ከንቲባዎቹን አንድ በአንድ አየኋቸው። ሁሉም አሉ። ሦስት ወር እንኳ ያልሞላው፣ ወንበሩ ሳይሞቅ የተነሣው ሁሉ ከረባቱን አስሮ ተደርድሯል። ጋሽ አማን ግን የሉም። ሁለት ክረምት ከመንፈቅ ያችን ከተማ በትከሻቸው የተሸከሙት ሰውዬ የሉም! ይባስ ብሎ ከጓድ ዘውዴ ፎቶ ሥር "ለከተማዋ የቧንቧ ውሃ ያስገቡ" ተብሎ ተጽፏል።

"ማነው ይሄን ያሠራው?" አልኩ። ድምፄ ሳላስበው ከፍ ብሎ ኖሯል፤ ኮፒ የሚጠብቁት ሁሉ ዞረው አዩኝ።

"እኔ ነኝ፣ እማማ" አለ አንድ ሸሚዙን ሱሪው ውስጥ የከተተ ጎረምሳ። "ገመቹ እባላለሁ፣ ከከተማው ጽሕፈት ቤት ነኝ። የከተማዋ በዓል ደርሷል፣ ለአዳራሹ ነው።"

"አማን ቱሉ የት አሉ?"

"አማን ማን?"

እግዜር ያሳያችሁ! ከዚያች ከተማ ደመወዝ የሚበላ ልጅ "አማን ማን" አለኝ። በአማርኛም በኦሮምኛም አወረድኩበት። ልጁ ጨዋ ነው፣ አንገቱን ደፍቶ ሰማኝና "እኛ የሠራነው በሰነድ ነው፣ እማማ። መዝገብ ቤቱን አገላብጠናል፤ በእሳቸው ስም የወጣ አንድም ደብዳቤ የለም። ሰነድ ካለዎት ያምጡልን" አለኝ። ሰነድ! ለእኔ! ኮፒዬን እንኳ ሳልወስድ ወጣሁ። ባጃጅ ውስጥ ለብቻዬ እየተሳደብኩ ከምኖርበት ልጄ ቤት ደረስኩ። ይበልጥ ያበገነኝ ደግሞ ልጁ ልክ መሆኑ ነው። በጋሽ አማን ስም አንድም ደብዳቤ አልወጣም። እንዳይወጣ ያደረግሁት እኔ ነኝ።

እኔ በተቀጠርኩበት ዘመን ከንቲባ ማለት ካፖርት ማለት ነበር። ቀኛዝማች፣ ያኔ ከንቲባችን እሳቸው ነበሩ፣ እስከ ቁርጭምጭሚታቸው የሚደርስ ጥቁር ካፖርት ለብሰው ጠዋት ጠዋት በበቅሎ ገበያውን ይዞራሉ። ሻይ በአሥር ሳንቲም፣ ዳቦ ከነሙቀቱ ከጎባ በላንድሮቨር የሚመጣበት ጊዜ ነው። ከሮቤ ጎባ በአንድ ብር ሄደን፣ ፎቶ ተነሥተን፣ ብርቱካን ገዝተን እንመለሳለን፤ ዛሬ በአንድ ብር የሚኒባሱን በር የሚከፍትልህ የለም። የማዘጋጃ ቤቱ ወለል የጥድ ጣውላ ነበር፣ ቅዳሜ ቅዳሜ በሰም ይወለወላል። ቀኛዝማች ሲገቡ ጫማቸው ከሩቅ ይሰማል፣ ሁላችንም እንነሣለን። ደግ ነበሩ አልልም፤ ፍየሉን የለቀቀ ሰው ካገኙ አለንጋቸው አያርፍም ነበር። ግን ከመስጊዱ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በመንገዱ ግራና ቀኝ ጥድ ያስተከሉት እሳቸው ናቸው። ዛሬ ጥዶቹ ተቆርጠው እንደ ሠርግ ቤት የሚብለጨለጭ አምፖል ቆሞበታል። ብርዱ አምፖል አይፈራም፣ ይኸው እንደ ልቡ ይነፍሳል። ያስቆረጠው ከንቲባም ባነሩ ላይ አለ፣ ፈገግ ብሎ።

ከቀኛዝማች በኋላ ካኪ መጣ። ካፖርቱ ወለቀ፣ "ጌቶች" ቀረና "ጓድ" ተባለ፣ ሻዩም ሃያ አምስት ሳንቲም ገባ። ከካኪዎቹ መጨረሻ ላይ የመጣው ጓድ ዘውዴ ነው። ባለ አራት ኪስ፣ ፀጉሩን በቫዝሊን የሚያስተኛ፣ ስብሰባ ሲመራ ጠረጴዛ የሚደበድብ። ሥራ አያውቅም፤ ቲተሩን ግን ይወድ ነበር። ቲተር ማለት ስምና ማዕረግ የተቀረጸበት ትንሽ የጎማ ማህተም ነው። ክቡ ማህተም የመሥሪያ ቤቱ ነው፣ ቲተሩ የሰውዬው፤ ከፊርማው ሥር ካልተመታ ወረቀቱ ወረቀት አይደለም። የጓድ ዘውዴ ቲተር ተቀርጾ ከአዲስ አበባ የመጣ ቀን ቢሮውን ዘግቶ ባዶ ወረቀት ላይ ሲመታ ዋለ። ከመምታቱ በፊት እፍ ይልበታል፣ እንደ ትኩስ ድንች።

መንግሥት ሊለወጥ ነው የሚባልበት ሰሞን አንድ ማለዳ ጓድ ዘውዴ "ጎባ አስቸኳይ ስብሰባ አለኝ" ብሎ መኪና ውስጥ ገባ። ከመኪናው ላይ ፍራሽ ተጭኗል። ለስብሰባ ፍራሽ የሚጭን ሰው አይቼም ሰምቼም አላውቅ! በዚያው ቀረ፤ ቲተሩን እንኳ መሳቢያዬ ውስጥ ረስቶት ነው የሄደው። በማግሥቱ ሰዉ ማዘጋጃ ቤቱን ሊዘርፍ መጣ። ጣውላው፣ ወንበሩ፣ የእኔ ታይፕ፣ ሁሉም ሊሄድ ነው። በሩ ላይ አንድ ሰው ቆመው ጠበቁት፤ ጋሽ አማን። ቀያሽ ነበሩ፤ ገመድና ችካል ይዘው የሰው ቦታ የሚለኩ፣ ቀጭን፣ ጎማ ቦቲያቸው ከእግራቸው የማይወልቅ ሰው። መሣሪያ የላቸውም፣ የቀያሽ ገመዳቸውን ክንዳቸው ላይ እንደጠቀለሉ ነው። "ኩን ቀቤኛ ኬሰን!" አሉ ጮክ ብለው። ይሄ የራሳችሁ ንብረት ነው ማለታቸው ነው። "የገዛ ቤቱን የሚዘርፍ ማነው? ይቅደምና ልየው።" ማንም አልቀደመም። በሦስተኛው ቀን የመስጊዱም የቤተ ክርስቲያኑም ሽማግሌዎች ተሰብስበው "ሹም እስኪመጣ አንተ ጠብቅ" አሏቸው። እንዲህ ነው ጋሽ አማን ከንቲባ የሆኑት። የከንቲባው ወንበር ላይ አንድም ቀን አልተቀመጡም፤ ዱካ ስበው ከጎኑ ይቀመጡ ነበር።

የመጀመሪያውን ደብዳቤ የጻፍነው የታመመች ሚስቱን ጎባ ሆስፒታል ለሚወስድ አንድ ገበሬ ነበር። ጋሽ አማን ፈረሙ፣ እኔ ክቡን ማህተም መታሁ። ሰውዬው በነጋታው ሚስቱን ጋሪ ላይ እንዳስተኛ ተመልሶ መጣ። "ቲተር የለውም ብለው መለሱኝ" አለ። ጋሽ አማን ራሳቸውን ያዙ። ቲተር ለማስቀረጽ የሹመት ደብዳቤ ያስፈልጋል፤ የሹመት ደብዳቤ የሚፈርመው አካል ደግሞ ያኔ ጎባም ውስጥ የለም፣ እዚያም ወንበሩ ባዶ ነው። ሴትዮዋ ጋሪው ላይ ታቃስታለች። ያኔ ነው ይህቺ ጥፍር የማታህል ብልጠቴ የመጣችልኝ።

"ጋሼ፣ የጓድ ዘውዴ ቲተር መሳቢያዬ ውስጥ አለ" አልኳቸው።

"የሰው ስም እኮ ነው፣ የሺ። ሐራም ነው።"

"እርስዎ ይፈርሙ፣ እኔ እመታለሁ። ሥራው ይሂድ እንጂ ስም ምን ያደርግልዎታል?"

ጋሪው ላይ ወዳለችው ሴት አዩና "እሺ፣ ሹመቱ እስኪመጣ" አሉ። መታሁ። ሴትዮዋ ሆስፒታል ገባች፣ ድናም መጣች። ከዚያ በኋላማ ማን ይመልሰን! የልደት ወረቀቱም፣ የገበያ ፈቃዱም፣ የቤት ካርታውም፣ ሁሉም በጋሽ አማን ፊርማና በጓድ ዘውዴ ቲተር ወጣ። ሥራው ሄደ። ያን ቃሌን ዛሬ ባስታወስኩት ቁጥር ምላሴን ቆርጬ ብጥላት እላለሁ።

ሹመቱን አልጠየቅንም እንዳትሉ። ጋሽ አማን ጎባ ወርደው ሦስት ጉርድ ፎቶ ተነሡ። ኮት ስላልነበራቸው የባሌን ኮት አውሼአቸው ነበር፤ ባሌ ወፍራም፣ እሳቸው ችካል፤ ትከሻው ወዲያና ወዲህ ቀረ። ሁለቱ ፎቶ ከማመልከቻው ጋር ተያይዞ ገባ፣ አንዱ ቤታቸው ቀረ። ጎባ በሄድኩ ቁጥር እጠይቃለሁ። "ፋይሉ ከላይ ነው" ይሉኛል። ይኸው እስከ ዛሬ "ከላይ" የት እንደሆነ አላወቅሁም፤ ሳነቴ ተራራ ላይ ይሆናል፣ ከዚያ በላይ አገር አላውቅም።

ውሃው የመጣው በዚያው ጊዜ ነው። ከከተማው በላይ ካለው ኮረብታ የሚወጣ ምንጭ አለ፤ ሴቶቻችን ጎህ ሳይቀድ በእንስራ የሚወርዱ የሚወጡበት፣ በክረምት የሚያንሸራትት፣ ሁለት ነፍሰ ጡር ወድቀውበት የቀሩበት ዳገት። የውሃ ቧንቧ አንድ የመንግሥት መጋዘን ውስጥ ተከምሮ እየዛገ መሆኑን ጋሽ አማን ያውቁ ነበር። ደብዳቤ በደብዳቤ ላይ ጻፍን። ጣቴ እስኪላጥ መታሁ፣ እሳቸው ደብዳቤውን ይዘው በጭነት መኪና ላይ፣ ሲቸግርም በእግራቸው ሄዱ። ቧንቧው ተፈቀደ። መስመሩን ራሳቸው በዚያች ገመድ ለኩት። ቦዩን ሰዉ በየሠፈሩ ተራ ገብቶ ቆፈረ፤ እስላሙ ዓርብ ያርፋል፣ ክርስቲያኑ እሑድ፣ በቀረው ቀን ሁሉም አንድ ላይ። ባለቤታቸው አዴ ሩቅያ የገብስ ቂንጬ በቅቤ እያሹ በትልቅ ድስት ያመጡ ነበር። ያን ቂንጬ የበላ ሰው ዛሬ በየካፌው ሁለት መቶ ብር የሚጠየቅበትን ምግብ ምግብ አይለውም።

ቦኖው ተሠርቶ ውሃው ሊለቀቅ ሁለት ቀን ሲቀረው ግንበኛውን "የከንቲባውን ስም ሲሚንቶው ላይ ጻፍ" አሉት ሽማግሌዎቹ። ግንበኛው ከአርሲ የመጣ እንግዳ ነው። ስሙን እንዳይሳሳት ብሎ፣ ጠንቃቃው! ከእጁ ካለው የሥራ ደብዳቤ ላይ ገለበጠው። "ዘውዴ አስረስ፣ ከንቲባ።" ስንደርስ ጽፎ ጨርሷል። እኔ ጮህኩ። ግንበኛው የልስን ማንኪያውን አንሥቶ ሊፍቀው ሲል ጋሽ አማን እጁን ያዙት። "ተወው፣ ሲሚንቶ አታባክን። የቀረችን ለገንዳው አትበቃም" አሉ። ሳቁ። ሁላችንም ሳቅን! ውሃው ሲንፎለፎል እልልታው ዲንሾ ድረስ የተሰማ መሰለኝ። ማን ስም ያያል በዚያች ሰዓት?

ከዚያ አዲሱ ከንቲባ መጡ፣ በሹመት ደብዳቤ። ወንበሩ ላይ ተቀመጡና ጋሽ አማንን "በምን ሥልጣን ነው እዚህ የቆዩት?" አሏቸው። ጋሽ አማን ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አኖሩ፣ ገመዳቸውን አንሥተው ወጡ። በማግሥቱ የሰው ቦታ ሲለኩ አየኋቸው። ቅር አላላቸውም ነበር፤ ወይም አላሳዩንም። አዲሱ ከንቲባ ቲተሩን "ጣይው" ሲሉኝ ቦርሳዬ ከተትኩት፤ ከዚያ ወዲህ የአዝራር ቆርቆሮዬ ውስጥ ነበር። ጋሽ አማን ከሞቱ ዓመታት አለፉ። ቦኖው ያለበት ሠፈር ዛሬ ስሙ ምን ይመስላችኋል? "ዘውዴ ቦኖ! ዘውዴ ቦኖ! አንድ ሰው!" እያሉ ይጠራሉ ባጃጆቹ።

አዴ ሩቅያ የሚኖሩት እዚያው ዘውዴ ቦኖ ነው። ባነሩን ባየሁ በሳምንቱ ሄድኩ። ዓይናቸው ደክሟል፣ በድምፄ ነው ያወቁኝ። "አካም ጅርታ፣ የሺ ኮ!" ብለው አቀፉኝ። የበዓሉን ወሬ ሰምተዋል። ከሣጥናቸው ውስጥ በላስቲክ የተጠቀለለች አንዲት ጉርድ ፎቶ አወጡ፤ ያቺን ሦስተኛዋን።

"የአማንም ይሰቀላል አይደል?" አሉኝ። "የልጅ ልጆቼን 'አያታችሁ ከንቲባ ነበር' ስላቸው ይስቁብኛል። 'አያዬ፣ ቦኖው ላይ የሌላ ሰው ስም ነው ያለው' ይሉኛል። አረጀች፣ ዘባረቀች ነው የሚሉት። ወላሂ ሌላ ነገር አልፈልግም። ዓይኔ ጨርሶ ሳይጠፋ አንዴ ግድግዳ ላይ ልየው።"

"ይሰቀላል" አልኩ። ምን ልበል?

"አማን ሁልጊዜ 'የሺ ናት ያዳነችኝ፣ ቲተሩን ባታመጣ ውሃው አይመጣም ነበር' ይል ነበር" አሉ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምናለ አልኩ።

ቲተሩንና ፎቶዋን ይዤ ገመቹ ዘንድ ሄድኩ። ሁሉንም ነገርኩት፤ እኔ ነኝ የመታሁት አልኩት። አላመነኝም። "የአባትህ ቤት የት ነው?" አልኩት። "ዘውዴ ቦኖ" አለኝ። "ካርታውን አሳየኝ።" ለባንክ ብድር ፎቶ አንሥቶት ኖሮ ስልኩ ውስጥ አለ። "አሁን ጓድ ዘውዴ እዚህ ሳለ የፈረመውን ከመዝገብ ቤት አምጣ።" አመጣ። የጓድ ዘውዴ ፊርማ ዶሮ የጫረችው ነው፤ የጋሽ አማን አንዲት "አ" ናት፣ እግሯ እንደ ቀያሽ ገመድ የተዘረጋች። ልጁ አንዴ ወደ ስልኩ፣ አንዴ ወደ ወረቀቱ አየ። ፊቱ ተለወጠ። ተነሥቶ በሩን ዘጋ።

"እማማ፣ አመንኩዎት" አለኝ ቀስ ብሎ። "ግን ይሄ ቢወራ ያለ ሥልጣን የተፈረመ ነው ይባላል። የአባቴ ቤትስ? የሠፈሩ ሁሉ ካርታስ? አሁን ቦታ ወርቅ በሆነበት ጊዜ! እርስዎም ሐሰተኛ ሰነድ አዘጋጅተዋል ይባላሉ።"

"ስለዚህ እኚህ ሰውዬ ይቅሩ?"

ቲተሩን አንሥቶ አገላበጠው። ከዚያ "ቲተሩን ግን ለኤግዚቢሽኑ ይተዉልን፣ ቅርስ ነው" አለኝ። ፎቶዋን መለሰልኝ፣ ቲተሩን አስቀረ። እንዴት ትቼው እንደወጣሁ ለራሴም አይገባኝም። የከተማዋን ስም ያልጠራሁላችሁም ለዚሁ ነው፤ ጋሽ አማን የለኩትን ቤት በእኔ አፍ ማስፈረስ አልፈልግም። ግን እሳቸው የፈረሙበት ቤት ውስጥ ተኝቶ፣ እሳቸው ያመጡትን ውሃ ጠጥቶ፣ "ማናቸው?" የሚል ሰው እንዴት እንቅልፍ ይወስደዋል?

የበዓሉ ዕለት አዳራሹ ሞላ። ባነሩ ተሰቅሏል። ከሥሩ ከኬክ ቤት የተዋሱት የመስታወት ሣጥን ቆሟል፤ ውስጡ ቀይ ጨርቅ፣ ጨርቁ ላይ ቲተሩ። "የቀድሞ ከንቲባ የጓድ ዘውዴ አስረስ ቲተር፣ ውሃው የተፈቀደበት" ይላል ጽሑፉ። ለዚያ ለፍራሽ ጫኙ ማስረጃ ያቀረብኩለት እኔው ሆንኩ! ንግግሩ ሁሉ ጆሮዬ ላይ ጮኸ። አዴ ሩቅያ አዲስ ሻሻቸውን አስረው፣ ምርኩዛቸውን ይዘው አጠገቤ ተቀምጠዋል።

"የሺ፣ የአማን የቱ ጋ ነው? አልታየኝም" አሉኝ።

ልዋሽ አፌን ከፈትኩ። ዓይናቸው ከሩቅ አያይ፣ አንዱን ከረባታም "ያውልዎት" ብላቸው ያምኑኛል። አልቻልኩም። "የሉም፣ አዴ። አልሰቀሏቸውም" አልኩ። ምርኩዛቸውን አንሥተው ጭናቸው ላይ አጋደሙት።

ምሳ ተባለና ሕዝቡ ወደ ድንኳኑ ጎረፈ። ሁለታችን ቀረን። የኬክ ቤት ሣጥን ከኋላው ይንሸራተታል፣ ቁልፍ የለውም። ከፈትኩት። ቲተሩን አንሥቼ ቦርሳዬ ከተትኩና ያቺን ጉርድ ፎቶ ቀዩ ጨርቅ ላይ አቆምኳት። ከዚያ አዴ ሩቅያን ክንዳቸውን ይዤ አቀረብኳቸው። ግንባራቸውን መስታወቱ ላይ አስደግፈው ብዙ ቆዩ።

"ኮቱ ዛሬም ሰፍቶታል" አሉ።

ይህን ስጽፍ ቲተሩ ጠረጴዛዬ ላይ ነው። ገመቹ ሁለቴ ደወለ፣ አላነሣሁለትም። "የመሥሪያ ቤቱ ንብረት ጠፋ" እያለ ይጠይቃል አሉ። ይምጣ፣ ቤቴን አይስተውም። የመሥሪያ ቤቱ ለመሆኑ ግን ሰነድ ይዞ ይምጣ።